በሐሰት ስትከሰሱ፦ ስለ እግዚአብሔር ፍርድ በስሕተት የሚነገሩ ነገሮች

ደሴም ይሁን ወልድያ፣ የእድር ገንዘብ ጎደለ ተብሎ በገንዘብ ያዡ ላይ ጣት ሲቀሰር ምክሩ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ለእግዜር ስጠው፤ ዝም በል።» መስጠቱ ልክ ነው። ዝምታው ግን በንጹሕ ሰው ላይ ያስፈርዳል።

«ለእግዚአብሔር የሰጠ አይከራከርም»

ጌታ ራሱ በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ፣ ክፉ ተናግሬ እንደ ሆነ መስክር ብሎ ማስረጃ ጠይቋል (ዮሐ. 18፥23)። ጳውሎስ በአገረ ገዡ በፊልክስ ችሎት ወደ ኢየሩሳሌም ከወጣ ከ12 ቀን እንደማይበልጥ ቆጥሮ አስረድቷል፤ የከሰሱት የእስያ አይሁድ አለመቅረባቸውንም ነቅሶ ተናግሯል (ሐዋ. 24)። ለእግዚአብሔር የሚተወው በቀሉ ነው (ሮሜ 12፥19)፤ መመስከሩ የእናንተ ድርሻ ነው።

ስለዚህ ወሬው በተሰማ ዕለት የደረሰኙን ጥራዝ ከመጀመሪያው ቁጥር እስከ መጨረሻው ተከታተሉ። ገቢና ወጪውን በየቀኑ ለዩ፤ ገንዘቡ ባንክ ሲገባ አብሮ የነበረ ሰው ካለ ስሙን ጻፉ። የጎደለ ቁጥር ካገኛችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ሌላ ሰው ካገኘው የተደበቀ ይመስላል። ዋናውን መዝገብ ያለ ፊርማ ለማንም አትስጡ።

ብዙው ሰው የሚወድቀው በንዴት ቤት ለቤት እየዞረ ሲያስረዳ ነው። በየቤቱ የተናገረው ጥቂት ጥቂት ይለያይና ልዩነቱ ራሱ ማስረጃ ይሆንበታል። ሶስናን በሐሰት የከሰሷትን ሁለቱን ሽማግሌዎች ዳንኤል የረታቸው ለየብቻ ጠይቆ፣ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩዋት ሲላቸው የተለያየ ዛፍ በመጥራታቸው ነው።

«ሽማግሌም ፍርድ ቤትም መሄድ እምነት ማጣት ነው»

ጌታ ያስቀመጠው ቅደም ተከተል አለ፦ መጀመሪያ ለብቻ፣ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ (ማቴ. 18፥15-16)። በወሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚቀመጥበት የአበጋር ሽምግልና ለዚህ ጥሩ ቦታ ነው። እዚያ ግን አንድ አደጋ አለ። «ለሰላም ሲባል ወስጃለሁ በልና ይቅር እንባባል» ቢሏችሁ እሺ አትበሉ። ለበደላችሁ ሰው ይቅርታ መስጠት ትችላላችሁ፤ ያልሠራችሁትን ማመን ግን በራሳችሁ ላይ በሐሰት መመስከር ነው። ፖሊስ ከያዛችሁ ደግሞ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት ይሰጣችኋል። ጳውሎስም ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል።

«ንጹሕ ከሆነ ይማል»

ጌታ «ከቶ አትማሉ» ብሏል (ማቴ. 5፥34)። ማሉ አልማሉ የመዝገቡ ሂሳብ አይለወጥም።

«ፍረድልኝ ብሎ መጸለይ መራገም ነው»

መስከረም 21 ግሸን ማርያም ወጥቶ ፍርድ መለመን ነውር የለበትም። ዳዊትም በዐመፅ ምስክሮች ላይ እግዚአብሔር እንዲፈርድ ለምኗል። በዚያው መዝሙር ግን እነርሱ በታመሙ ጊዜ ማቅ ለብሶ እንደ ጾመላቸው ይናገራል (መዝ. 34/35)። የከሳሻችሁ ልጅ ሲታመም ደስ ካላችሁ ልመናው ተበላሽቷል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ትንሽ መታገሥ ነው»

ዮሴፍ ሲሸጥ 17፣ ፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ዓመቱ ነበር። ጠጅ አሳላፊውን አስበኝ ብሎ ለምኖት 2 ዓመት ተረስቷል። በሐሰት ያሳሰረችው የጲጥፋራ ሚስት ውሸት ለሕዝብ እንደ ተገለጠም መጽሐፉ የትም አይናገርም። ይህ ከባድ ነው፤ ግን ሊነገር ይገባል፦ ስማችሁ ከክሱ የሚነጻበት ቀን አልተቆረጠም። እስከዚያ ዮሴፍ በእስር ቤቱ ሥራውን እንዳልተወ፣ እናንተም ከእድሩ አትቅሩ። ለቅሶ ድረሱ፣ ድንኳን ትከሉ፣ መዋጮ ክፈሉ። ከመንደር የራቀ ሰው ጥፋቱን እንዳመነ ይቆጠራል።