ዋሻ ጉብኝት በአውቶቡስና በባቡር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መብራት ተዘርግቶለት፣ ደረጃ ተሠርቶለት በትኬት የሚጎበኝ ዋሻ አብዛኛውን ጊዜ ከከተማ ርቆ፣ ተራራ ሥር ወይም ወንዝ ዳር ነው። በራሱ መኪና የሚሄድ ሰው ርቀቱን ካወቀ ይበቃዋል። በሕዝብ ትራንስፖርት የሚሄደውን ግን ቀኑን የሚወስንለት የመመለሻው አውቶቡስ ነው። ከታች ያሉት አብዛኞቹ ስህተቶች ይህን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

«ዋሻው የሚዘጋው 11 ሰዓት ከሆነ 10 ሰዓት ላይ ብደርስም እገባለሁ»

ላይገቡ ይችላሉ። በብዙ ዋሻዎች ጎብኚ እንደ ሙዚየም በፈለገው ሰዓት አይገባም፤ ቡድን ተሰብስቦ፣ በተቆረጠ ሰዓት፣ ከአስጎብኚ ጋር ነው የሚገባው። የመጨረሻው ቡድን የሚገባው ከመዝጊያው ሰዓት ቀደም ብሎ ነው፤ ጉብኝቱ ረጅም ከሆነ ሁለት ሰዓት ያህል ሊቀድም ይችላል። ከገቡ በኋላ ደግሞ «አውቶቡስ ያመልጠኛል» ብሎ ብቻን መመለስ አይፈቀድም።

ስለዚህ ዕቅዱ ከመመለሻው ተነስቶ ወደ ኋላ ይቆጠራል። የመጨረሻው አውቶቡስ ከቀኑ 11 ሰዓት የሚነሳ፣ ፌርማታው ከዋሻው የ25 ደቂቃ የእግር መንገድ፣ ጉብኝቱ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ነው እንበል። ከ11 ሰዓት 25 ደቂቃ ሲቀነስ 10፡35 ይሆናል። ቡድኑ ዘግይቶ ቢወጣ፣ መጸዳጃ ቤት ወረፋ ቢኖር ተብሎ 30 ደቂቃ ሲቀነስ 10፡05። ጉብኝቱ ራሱ ሲቀነስ 8፡35። ከ8 ሰዓት ተኩል በኋላ ያለው ትኬት እንግዲህ መኪና ላለው ሰው ነው፤ ርካሽ ቢሆንም አይግዙት።

የጠዋቱም ስሌት እንዲሁ ነው። አውቶቡሱ 4፡10 ቢያደርስዎ፣ 25 ደቂቃ ቢሄዱ፣ ትኬት ለማሳየት 20 ደቂቃ ቀድመው መገኘት ቢኖርብዎ፣ ሰዓቱ 4፡55 ነው። የ5 ሰዓቱ ቡድን በወረቀት ላይ ይደረስበታል፤ አውቶቡሱ አሥር ደቂቃ ብቻ ቢዘገይ ግን ያመልጣል። የ6 ሰዓቱን መያዝ ይሻላል። ሰዓት የተቆረጠለት ትኬት ሲያመልጥ ገንዘቡ ብዙውን ጊዜ አይመለስም፣ ቀጣዩም ቡድን ሞልቶ ሊሆን ይችላል።

«ጣቢያው በዋሻው ስም ከተጠራ ዋሻው እዚያው ነው»

የስሎቬኒያው ፖስቶይና ባቡር ጣቢያ ከፖስቶይና ዋሻ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ወደ ሽኮትስያን ዋሻዎች የሚሄድ ሰው ደግሞ የሚወርደው ዲቫቻ ጣቢያ ነው፤ ከዚያ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀረዋል። ሁለቱም በእግር ይደረሳሉ። ችግሩ ይህ መንገድ በስልክ ላይ በሚታየው የባቡር ሰዓት ውስጥ አለመቆጠሩ ነው።

ካርታ ላይ ያለው ምልክትም ያሳስታል። የዋሻው አፍ አንድ ቦታ፣ የትኬት ቢሮው ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም መውጫው ከመግቢያው የተለየ ነው። ጥንታዊ የግድግዳ ሥዕሎች ያሉበት የፈረንሳዩ ሾቬ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1994 ከተገኘ ወዲህ ለሕዝብ ተከፍቶ አያውቅም። ጎብኚ የሚያየው እ.ኤ.አ. በ2015 የተከፈተውን ቅጂውን ሲሆን፣ እሱም የተሠራው ከእውነተኛው ዋሻ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ነው። ሌላው የፈረንሳይ ባለ ሥዕል ዋሻ ላስኮም እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ የሚሸጠው ትኬት የቅጂው ነው። ፈልገው መሄድ ያለብዎት የትኬት ቢሮውን አድራሻ ነው።

«አውቶቡሱ በየቀኑ አለ»

በገጠር መስመር ብዙ አውቶቡሶች የሚሠሩት ለተማሪ ነው፤ ትምህርት ሲዘጋ አብረው ይቀራሉ። እሑድና በዓል ቀን ደግሞ ቁጥራቸው ይቀንሳል። ዋሻውና ጣቢያውን የሚያገናኝ ልዩ አውቶቡስ ካለም ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በጎብኚ ወቅት ብቻ ነው። በጊዜ ሰሌዳው ግርጌ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ማብራሪያ የሚሄዱበትን ቀን ይዘው ያንብቡት። መመለሻውንም ለብቻው ያረጋግጡ።

«ውጭ ሙቀት ስለሆነ ቀለል አድርጌ ልልበስ»

የዋሻ ውስጥ ሙቀት ከአካባቢው የዓመት አማካይ ሙቀት ጋር የተቀራረበ ነው፤ ክረምት ከበጋ ብዙም አይለወጥም። ፖስቶይና ውስጥ ዓመቱን ሙሉ 10 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚያ ላይ አየሩ በእርጥበት የተሞላ ስለሆነ፣ ከፌርማታው በፀሐይ ሲመጡ ላብ የጠጣው ሸሚዝ ዋሻው ውስጥ አይደርቅም፤ ብርዱን የሚያከብደውም እሱ ነው። ጃኬት ብቻ ሳይሆን የሚቀየር ደረቅ ልብስ ይያዙ። በሞቃት አገር ቆላ ላይ ያለ ዋሻ ግን ከ20 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ እዚያ ወፍራም ጃኬት ሸክም ነው።

«ጉብኝቱ 75 ደቂቃ ነው ስለተባለ ሁለት ሰዓት ይበቃል»

የኦስትሪያው የበረዶ ዋሻ አይስሪዘንቬልት ይህን ስሌት ያፈርሰዋል። ከቬርፈን ባቡር ጣቢያ በአውቶቡስ ወደ ተራራው ይወጣሉ፣ 20 ደቂቃ ያህል በእግር ይሄዳሉ፣ ኬብል መኪና ይሳፈራሉ፣ ከዚያም እንደገና 20 ደቂቃ ያህል በእግር ነው። ውስጥ 700 ደረጃ ወጥተው 700 ይወርዳሉ፤ ቅዝቃዜው በበጋም ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው። አውቶቡሱ ካወረደዎት ቦታ ተነስተው እዚያው እስኪመለሱ ከ3 ሰዓት በታች አያስቡ። ዋሻው ክፍት የሚሆነውም ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ብቻ ነው። ጉልበት የሚያመው ሰው አብሮ ካለ የደረጃውን ብዛት ትኬት ሳይገዙ ይጠይቁ፤ መሐል ላይ መመለሻ የለም።

«ሻንጣዬን እዚያ አስቀምጣለሁ»

በሁሉም ዋሻ የዕቃ ማስቀመጫ የለም፣ ትልቅ የጀርባ ቦርሳና የሕፃን ጋሪም ብዙ ቦታ አይገባም። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ቦርሳው ዞር ሲሉ ድንጋዩን ይመታል። ሻንጣ ያለው ሰው ማስቀመጫ ባለው ትልቅ ባቡር ጣቢያ ትቶ ይምጣ።

«ዝናብ ቢዘንብም ችግር የለም፣ ዋሻ ውስጥ ነኝ»

ለደረቅ ዋሻ እውነት ነው። ወንዝ ለሚያልፍበት ግን አይደለም። ሽኮትስያን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1965 የወንዙ ውኃ ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነበር። ዝናቡ እርስዎ ባሉበት ባይዘንብ እንኳ፣ በወንዙ ላይኛው ተፋሰስ ከዘነበ ጎርፉ ሰዓታት ዘግይቶ ይደርሳል፣ ጉብኝቱም ይሰረዛል። ጠዋት ከቤት ሳይወጡ ይደውሉ፤ የተሰረዘ ትኬት ገንዘቡ ቢመለስም የትራንስፖርቱ አይመለስም።

«አንዴ በጣቴ ብነካው ምን ይሆናል?»

ስታላክታይት፣ ማለትም ከዋሻ ጣሪያ ተንጠልጥሎ የሚወርደው ድንጋይ፣ የሚያድገው በዓመት ከአንድ ሚሊሜትር በታች፣ ብዙ ጊዜ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ነው። የእጅ ቅባት ሲያርፍበት ውኃው የተሸከመው ማዕድን እንደ ቀድሞው አይረጋበትም፣ ድንጋዩም ይጠቁራል። ጫማም እንዲሁ ጉዳት ያመጣል፦ በሰሜን አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ የሌሊት ወፎችን የፈጀ ፈንገስ በጫማና በልብስ ከዋሻ ወደ ዋሻ ሊሄድ ስለሚችል፣ ሌላ ዋሻ የገቡበትን ጫማ ሳያጸዱ አይልበሱ።

«ትኬቱም የአውቶቡሱም ሰዓት ስልኬ ላይ አለ»

ዋሻው ውስጥ ኔትወርክ አይኖርም፤ ሸለቆ ውስጥ ባለው ፌርማታም ላይኖር ይችላል። ስልክ ደግሞ ኔትወርክ ሲፈልግ ባትሪ ይጨርሳል፤ ከመግባትዎ በፊት ከኔትወርክ ውጪ ያድርጉት። ትኬቱን በፎቶ ያስቀሩ። የመመለሻውን ሰዓት፣ የሚቀጥለውን አውቶቡስና የአካባቢውን ታክሲ ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ወረቀቱንም እርጥበት እንዳያርሰው በላስቲክ ይጠቅልሉት።