የልም አጥንት ህዋሶች እድገትና ክፍፍል በኦስቲዮአርትራይተስ

በመገጣጠሚያ ላይ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ የሚያደርገው ጫፉን የሸፈነው ልም አጥንት ወይም ካርቲሌጅ ነው። ይህን ሽፋን የሚሠሩትና የሚጠብቁት ህዋሶች ኮንድሮሳይት ይባላሉ። በአዋቂ ሰው ከልም አጥንቱ ይዘት 5 በመቶ ያህል እንኳ አይሆኑም። የቀረው ውሃ፣ ኮላጅን የተባለው የጭረት ፕሮቲንና ውሃ ይዞ የሚያቆየው አግሪካን ነው። ልም አጥንቱ የደም ስር የለውም፣ ነርቭም የለውም። የህዋሶቹ ምግብ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ እየሰረገ ይደርሳቸዋል። እንዲህ ሆነው ዕድሜ ልክ መሥራታቸው በእውነት ይደንቃል።

በልጅነት ይከፋፈላሉ። ከጉልምስና በኋላ ክፍፍሉ ቆሟል ማለት ይቻላል።

ልም አጥንት እየተሸረሸረ በሚሄድበት የመገጣጠሚያ ሕመም፣ በኦስቲዮአርትራይተስ፣ ግን እንደገና ይጀምራል። የታመመ ልም አጥንት በስሱ ተቆርጦ፣ አግሪካን ያለበትን ቦታ በሚያቀላው ሳፍራኒን ኦ በተባለ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ይታይ። ደህና በሆነው በኩል ህዋሶቹ አንድም ሁለትም ሆነው በየጎጇቸው ተቀምጠዋል። ገጹ በተሰነጠቀበት ግን አሥርም ከዚያም በላይ ሆነው እንደ ወይን ዘለላ ተጠጋግተዋል። ብዙ ጊዜ የዘለላው ዙሪያ ደማቅ ቀይ ነው፤ ራቅ ያለው ገርጥቷል። ይህ ማለት ህዋሶቹ አግሪካን እያመረቱ ነው። እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሄንሪ ማንኪንና ባልደረቦቹ በ1971 እ.ኤ.አ. ያወጡት የልም አጥንት ጉዳት የ14 ነጥብ መለኪያም ይህን ያያል፦ ህዋስ ሲበዛ 1፣ ዘለላ ሲሠራ 2፣ ሲመናመን 3 ነጥብ ይሰጣል። ዲኤንኤ ሲባዛ አብሮ የሚገባው ሬዲዮአክቲቭ ታይሚዲንም በህዋሶቹ ውስጥ ተገኝቷል። እንግዲህ ክፍፍሉ አያከራክርም።

ቀስቃሹ ምንድን ነው? በህዋሱ ዙሪያ ያለው መረብ ሲጎዳ፣ እዚያ ታስሮ የቆየው ኤፍጂኤፍ-2 የተባለ የእድገት ፕሮቲን ይለቀቃል። ከቀስቃሾቹ አንዱ እሱ ነው። ከዚያ ከፊሎቹ ህዋሶች ያብጣሉ፤ ልክ በልጅ አጥንት ማደጊያ ላይ እንዳሉት ኮላጅን 10ን ይሠራሉ። የልም አጥንት ዋና ኮላጅን የሆነውን ኮላጅን 2ን የሚቆርጠውን ኤምኤምፒ-13 የተባለ ኢንዛይምም ያወጣሉ። ጥገናው የሚከሽፈው እዚህ ላይ ይመስላል። ስንቶቹ ህዋሶች በዚህ መንገድ እንደሚሄዱ ግን ተመራማሪዎች አልተስማሙም። ያረጁና የሚሞቱም አሉ።

በ1994 እ.ኤ.አ. የስዊድን ሐኪሞች ከታካሚው ጤነኛ ልም አጥንት ህዋስ ወስደው፣ በላቦራቶሪ አባዝተው ወደ ጉልበቱ መመለሳቸውን በጥናት አሳተሙ። ችግሩ፣ በጠፍጣፋ ሳህን ላይ ሲባዙ ህዋሶቹ ክብ ቅርጻቸውን ይለቃሉ፤ በኮላጅን 2 ፈንታ ኮላጅን 1 መሥራት ይጀምራሉ። ዘዴው የታሰበውም በጉዳት ለተቦረቦረ ትንሽ ቦታ ነው፤ በኦስቲዮአርትራይተስ ለተሸረሸረው ሰፊ ገጽ አይሆንም።