ፓስወርድ ምንድን ነው? ድርጅቱ እንኳ ሊያውቀው የማይገባ ሚስጥር

ፓስወርድ ማለት አይቶን ለማያውቅ ማሽን ማንነታችንን የምናረጋግጥበት ሚስጥር ነው። የጂሜይል ወይም የፌስቡክ ሰርቨር መልካችንን አይለይም። ትክክለኛውን ፓስወርድ ያስገባ ሁሉ ለእሱ የአካውንቱ ባለቤት ነው፤ ድሬዳዋ ከዚራ ተቀምጦ ያስገባውም ሆነ ከባሕር ማዶ። ስለዚህ የፓስወርድ ጉልበቱ ያለው ከአንድ ሰው በቀር ማንም የማያውቀው በመሆኑ ላይ ነው። ብዙዎቻችን የምንስተው ታዲያ ይህን ነው፦ «ማንም» ሲባል አገልግሎቱን የሚሰጠውን ድርጅትም ይጨምራል።

ነገሩ መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም። በኮምፒውተር ላይ ፓስወርድ መጠቀም የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ፣ ፈርናንዶ ኮርባቶ ይመራው በነበረ ሥራ ነው። አንዱን ትልቅ ኮምፒውተር ብዙ ተመራማሪዎች ይጋሩት ስለነበር የእያንዳንዱ ፋይል ከሌላው እንዲጠበቅ ታስቦ ነበር። ፓስወርዶቹ ግን እንዳሉ በአንድ ፋይል ተጽፈው ይቀመጡ ነበር። በ1962 አለን ሼር የሚባል ተመራማሪ የተመደበለት የማሽን ሰዓት አልበቃ ሲለው ያን ፋይል በወረቀት አሳትሞ በሌሎች ስም መግባት ጀመረ። የፓስወርድ ስርቆት ከፓስወርድ ጋር አብሮ አደግ ነው።

መፍትሔው ፓስወርዱን ጨርሶ አለማስቀመጥ ሆነ። በደንብ የተሠራ ድረ ገጽ ባስገባነው ቃል ላይ ስሌት ይሠራና ውጤቱን ብቻ ይይዛል፤ ይህ ትርጉም የለሽ የሚመስል የፊደልና የቁጥር ድርድር ሃሽ ይባላል። የተወቀጠ ቡና ወደ ፍሬው እንደማይመለስ ሁሉ ከሃሹ ተነስቶ ፓስወርዱን መልሶ ማውጣት አይቻልም። በሌላ ቀን ስንገባ ስሌቱ እንደገና ይሠራል፤ ውጤቱ ከተቀመጠው ጋር ከገጠመ እንገባለን። ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት ላይ ደግሞ «ጨው» የሚባለውን ዘዴ አስረዱ፦ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የተለየ፣ በዘፈቀደ የወጣ ቁጥር ከፓስወርዱ ጋር ተጨምሮ ይሰላል። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ፓስወርድ ቢኖራቸው እንኳ ሃሻቸው አይመሳሰልም፤ ሌባውም እያንዳንዱን ለየብቻ ለመሞከር ይገደዳል።

ከዚህ ለማንም የሚጠቅም መለያ ይገኛል። «ፓስወርዴን ረሳሁ» ስንል ደህናው ድረ ገጽ አዲስ እንድናወጣ ይጠይቀናል እንጂ የድሮውን አይነግረንም፤ አያውቀውማ! የድሮውን ፓስወርድ በኢሜይል ከላከልን እንዳለ አስቀምጦታል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮክዩ የተባለው ኩባንያ ሰርቨር በሌቦች ሲሰበር እንዲህ እንዳሉ የተቀመጡ 32 ሚሊዮን ገደማ ፓስወርዶች ወጡ፤ በብዛት አንደኛ የነበረው 123456 ነው። ደውሎ «ከባንክ ነው፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩኝ» የሚል ሰውም ያለ ጥርጥር ሌባ ነው። እውነተኛው ባንክ ቁጥሩን ከእኛ አፍ መስማት አያስፈልገውም።

ሃሽ ከተሰረቀ ሌባው የቀረው አንድ መንገድ መገመት ነው። እየገመተ ስሌቱን ይሠራል፣ ከሃሹ ጋር ያስተያያል። ባለ 4 አሃዝ የኤቲኤም ቁጥር 10,000 አማራጭ ብቻ ይዞ የሚያገለግለው ማሽኑ ከጥቂት ስህተት በኋላ ካርዱን ስለሚዘጋ ነው። ሌባው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሲገምት ግን የሚዘጋበት የለም። ለጌም የሚሸጥ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ (ምስል የሚያሰላው የኮምፒውተር ክፍል) እንደ ኤምዲ5 ባለ ደካማ ሃሽ ላይ በሰከንድ ቢሊዮኖች ይሞክራል።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ልማድ ማንሳት ግድ ይላል። እዚህ ድሬዳዋ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ስልክ የሚገዙ እናት ጂሜይል ያስፈልጋቸዋል፤ ሻጩ ልጅ እዚያው ቆሞ ይከፍትላቸዋል። «እማማ፣ እንዳይጠፋብሽ ፓስወርዱን በስልክ ቁጥርሽ አድርጌዋለሁ» ይላል፣ በቅንነት። ከ09 ቀጥሎ ያሉት 8 አሃዞች 100 ሚሊዮን አማራጭ ናቸው፤ ያ ግራፊክስ ካርድ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳቸዋል። ያውም መገመት ካስፈለገ ነው። ቁጥራቸውን ዕድሩም፣ ጎረቤቱም፣ ባለባጃጁም ያውቀዋል። በዚያ ጂሜይል ውስጥ ደግሞ የልጅ ልጆች ፎቶ፣ የተመዘገቡ ስልክ ቁጥሮች፣ የሌሎች አካውንቶች ማስመለሻ ሁሉ አለ። የልጅ ስምና የትውልድ ዓመትም ከዚህ ብዙም አይሻልም፤ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር መሆኑ ማንንም አያግድም።

ጥሩ ፓስወርድ እንግዲህ ረጅምና በዘፈቀደ የወጣ ነው። ከ2,000 የታወቁ ቃላት ውስጥ በዕጣ 5 ቢወጡ፣ ለምሳሌ «መሰላል ጉጉት ሽሮ ባቡር ቀለበት»፣ አማራጮቹ 32 ሺህ ትሪሊዮን ይደርሳሉ። ደካማው ሃሽ ላይ በሰከንድ 10 ቢሊዮን እየተሞከረ እንኳ ሁሉንም ለመጨረስ ከወር በላይ ይፈጃል። ሆን ተብለው ዘገምተኛ በተደረጉ እንደ ቢክሪፕት ባሉ ስሌቶች ላይ ደግሞ የሰው ዕድሜ አይበቃውም። ቃላቱ ግን በዕጣ ይውጡ፤ ተረትና ምሳሌ፣ የዘፈን ግጥም ወይም የጸሎት ቃል ብዙ ሰው የሚያውቀው ነው። በየሦስት ወሩ መቀየርም ግዴታ አይደለም። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ሰዎችን በየጊዜው አስገድዶ ማስቀየር እንዲቀር መክሯል፤ ሰው ሲገደድ መጨረሻ ላይ ያለውን 1 ወደ 2 ከመለወጥ አያልፍምና።

ከድክመቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን አንዱን ፓስወርድ ሁሉም ቦታ መጠቀም ነው። የሥራ ግንኙነት ድረ ገጹ ሊንክዲን እ.ኤ.አ. በ2012 ሲሰበር ሃሾቹ ጨው አልነበራቸውም፤ በ2016 ከ100 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ለገበያ ወጡ። በዚያው ዓመት የፌስቡኩ ማርክ ዙከርበርግ የትዊተርና የፒንተረስት አካውንቶች ተወሰዱ፤ ወሳጆቹ ፓስወርዱን ከዚያ የሊንክዲን ዝርዝር እንዳገኙት ተናገሩ። እሱም ከዚህ አላመለጠም። የተለያዩ ፓስወርዶችን በቃል መያዝ ስለማይቻል ፓስወርዶችን ቆልፎ የሚይዝልንን ፕሮግራም፣ ፓስወርድ ማኔጀርን፣ መጠቀም ነው፤ የማይመቸው ደብተር ላይ ጽፎ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆልፍ። የሩቁ ሌባ ደብተራችንን አያገኘውም።

ፓስወርድ የማይሠራውንም ማወቅ ያስፈልጋል። ሌላ ሰው እንዳይገባ ይከለክላል እንጂ ድርጅቱ ራሱ እንዳያይ አያደርግም፤ በቴሌግራም ተራ ውይይቶች በኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣሉ፣ ከሁለቱ ሰዎች ውጭ እንዳይነበብ የተዘጋው ሚስጥራዊው ቻት ብቻ ነው። በሰው ስልክ ከፍተን የተውነው አካውንትም ፓስወርድ ሳይጠይቅ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለው ዝርዝር የማናውቀውን ስልክ ያሳየናል፤ እዚያው ማስወጣት ይቻላል።

ቴሌግራም ሲነሳ፣ እዚህ ድሬዳዋ በብዛት የምሰማው ስርቆት የኮድ ነው። ከምናውቀው ሰው አካውንት «በስህተት ወደ ስልክሽ የተላከ ኮድ አለ፣ ላኪልኝ» የሚል መልእክት ይመጣል። የሰውየው አካውንት ቀድሞ ተወስዷል፤ ኮዱ ደግሞ የእኛው መግቢያ ነው። ከላክነው በኋላ ሌባው በእኛ ስም ጅቡቲ ላለው ወንድማችን «ቸግሮኛል፣ ብር ላክልኝ» ይላል። ይህን የሚያስቆመው ከኮዱ በላይ ፓስወርድ የሚጠይቀው ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ነው፤ ሴቲንግ፣ ቀጥሎ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ»፣ ቀጥሎ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ውስጥ ይገኛል። ሲበራ ፓስወርዱ ቢረሳ የሚያስመልስ ኢሜይል ይጠይቃል። ያ ኢሜይል ሱቅ ውስጥ በስልክ ቁጥር የተከፈተው ከሆነ በቅድሚያ የእሱ ፓስወርድ ይቀየር።