ተከታይ ደመወዝ አይከፍልም፦ ስለ አካባቢ ሚዲያ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ ነጻ የዜና ሚዲያ ለመክፈት የሚያስቡ ወጣቶች አሉ። ሐሳቡ ደስ ይላል። ሒሳቡ ላይ ግን ብዙዎች ይሳሳታሉ።

«ተከታይ ከበዛ ገንዘቡ ራሱ ይመጣል»

አይመጣም። ዩቲዩብ ከቪዲዮ ማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል 1,000 ሰብስክራይበር እና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የእይታ ሰዓት ይጠይቃል። (በሾርትስ፣ ማለትም በአጫጭር ቪዲዮዎች፣ የሚገባበት ሌላ መንገድም አለ።) ይህ ከተሟላ በኋላም ከረጅም ቪዲዮ ማስታወቂያ 45 በመቶውን ራሱ ያስቀራል። ሌላም ጣጣ አለ። የማስታወቂያው ዋጋ ተመልካቹ እንዳለበት አገር ይለያያል። ደጀን ላይ የታየ ዜና ዋሽንግተን ላይ የታየውን ያህል አያስገኝም። እናም አዘጋጁ ሳይታወቀው ዜናውን ለዋሽንግተን መሥራት ይጀምራል፤ የደጀን ውኃ ችግር ይረሳል። በዚያ ላይ በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንዳየነው፣ በኦንላይን ብቻ የቆመ ሚዲያ የአገሩን ተመልካች በአንዴ ያጣል።

«መጀመሪያ ጋዜጠኛ እንቅጠር፣ የገቢው ሰው ይደርሳል»

እኔ በዚህ አልስማማም። ከመጀመሪያው ጋዜጠኛ ቀጥሎ የሚቀጠረው ማስታወቂያ የሚያመጣ ሰው መሆን አለበት። ጠዋት የሆቴሉን ባለቤት ማስታወቂያ የለመነ ጋዜጠኛ፣ ከሰዓት ስለ ሆቴሉ ፍሳሽ እንዴት አድርጎ ይጽፋል? ከስብሰባው አዘጋጅ አበል እየተከፈለው ስብሰባውን የሚዘግበውም ያው ነው።

«አንድ ትልቅ ስፖንሰር ይበቃል»

ስፖንሰሩ ሲቆጣ ምን ይደረጋል? ክሊኒኩ፣ ኮሌጁ፣ የእህል ነጋዴው ትንሽ ትንሽ ቢከፍሉ ይሻላል። የእርዳታ ገንዘብም ቢሆን ቀኑ ሲደርስ ያልቃል።

«የእኛ ሰው ለዜና አይከፍልም»

ለዕድር ግን በየወሩ ያዋጣል፤ ምን እንደሚሠራለት ያውቃላ! የደቡብ አፍሪካው የዜና ሚዲያ ዴይሊ ማቭሪክ በ2018 እ.ኤ.አ. አንባቢ በየጊዜው የሚያዋጣበትን አባልነት ሲጀምር ዜናውን ለከፋዮች ብቻ አልቆለፈም። ሁሉም በነጻ ያነባል፣ የፈለገ ይከፍላል። እኛ ጋ ቴሌብር ከ2013 ጀምሮ ስላለ ሃምሳ ብር መላክ ቀላል ነው። የሚቀረው በየወሩ ስንት ገባ፣ በምን ወጣ ብሎ ለአባላቱ መንገር ነው።

«ማደግ ማለት ባሕር ዳር ቢሮ መክፈት ነው»

የሦስት ወር ደመወዝ ባንክ ሳይቀመጥ? ይቅር።