መንደሪኑ ሳይላጥ ጣፋጭነቱ እንዴት ይለካል?
ጃፓን ውስጥ መንደሪን ስትገዙ ካርቶኑ ላይ «ስኳር 12 ዲግሪ» የሚል ልታገኙ ትችላላችሁ። የሙቀት ዲግሪ አይደለም፣ ብሪክስ የሚባለው መለኪያ ነው። 100 ግራም ጭማቂ ውስጥ 12 ግራም ገደማ የሟሟ ነገር አለ ማለት ነው፣ አብዛኛውም ስኳር።

ታዲያ ሳይቆረጥ እንዴት ታወቀ? በብርሃን ነው። ዓይናችን ከሚያየው ቀይ ትንሽ አለፍ ያለ ብርሃን ልጣጩን አልፎ ይገባል፣ ውስጥ ያለው ውሃና ስኳር የተወሰነውን ይውጠዋል፣ የተረፈውን መሣሪያው ተቀብሎ ያነባል። ጃፓኖች ከ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፍራፍሬ ሲለዩበት ኖረዋል።

እዚህ ጋ ግን ልብ በሉ፤ መሣሪያው ስኳሩን ቀጥታ አይቆጥርም፣ ይገምታል። መጀመሪያ ብዙ ፍሬ በብርሃን ይታያል፣ ከዚያ ያው ፍሬ ተጨምቆ ጠብታው ሪፍራክቶሜትር (የጭማቂን ብሪክስ የሚለካ ሌላ መሣሪያ) ላይ ይደረግና ሁለቱ ውጤቶች ይዛመዳሉ። ስለዚህ በመንደሪን የተስተካከለውን መሣሪያ ማንጎ ላይ ብታስጠጉት ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ግን አትመኑት። ከፍሪጅ አሁን የወጣ ፍሬም ሊያሳስተው ይችላል።

ደግሞ ብሪክስ ስለ ኮምጣጣነት ምንም አይነግራችሁም። አሲዱ ከበዛ 12 የተባለው መንደሪን 11 ካለው በላይ አፍ ሊያኮማትር ይችላል።