የሰርግ ቪዲዮ ሥራ በሐዋሳ

በሐዋሳ የሰርግ ቪዲዮ ሥራ ወቅት ጠባቂ ነው። ከጥምቀት ማግሥት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ ቀኖቹ ይጣበባሉ፤ ኦርቶዶክሶች በጾም ስለማይሰርጉ። በከተማዋ በብዛት የሚገኙት ፕሮቴስታንቶች ግን በጾሙም ወራት ስለሚጋቡ ካሜራው ጨርሶ አያርፍም። ቀን የሚያዘው በቀብድ ነው። ውሉ ላይ ስንት ካሜራ እንደሚመጣ፣ መልሱና ቅልቅሉ ይካተቱ አይካተቱ፣ ቪዲዮው መቼ እንደሚደርስ በግልጽ ይጻፍ፤ ያልተጻፈ መልስ የጭቅጭቅ ምንጭ ነው።

ለአንድ ሰርግ ቢያንስ 2 ካሜራማን ያስፈልጋል፤ አንዱ ከሙሽራው ጋር፣ ሌላው በማለዳ ከሙሽሪት ቤት። ሚዜዎቹ ደጅ ላይ «አናስገባም» ሲባሉ የሙሽሪት ቤቱ ካሜራ ቀድሞ ከበሩ በስተ ውስጥ መቆም አለበት። ከሰርገኛው ኋላ ብቻ የመጣ ሰው የሚቀርጸው የኮት ጀርባ ነው። ሁለቱ ካሜራዎች ከመለያየታቸው በፊት ሰዓታቸው እኩል ይሞላል፤ አለበለዚያ ኤዲተሩ የማለዳውን ፋይል ቅደም ተከተል ሲፈልግ ይውላል።

የቀኑ ከባዱ ቀረጻ ጉልበት ስሞሽ ነው። የሚፈጀው ጥቂት ሰከንድ ሲሆን «ድገሙልኝ» አይባልም። ከሙሽሮቹ ኋላ ከተቆመ ቬሎ ብቻ፣ ከላይ ከተቀረጸ ፀጉር ብቻ ይታያል። ትክክለኛው ቦታ ከወላጆች ጎን ነው፤ ካሜራማኑ ይንበረከክና ሌንሱን ከጉልበታቸው ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ሙሽሮቹ ወደሚቀጥለው ሽማግሌ ሲያልፉ አብሮ መሮጥ የጀማሪ ስህተት ነው። ሁለት ሦስት ሰከንድ እናትየው ላይ ይቆይ፤ እንባዋን በነጠላዋ የምትጠርገው ያኔ ነው።

ከምስል ይልቅ ብዙ ሰርግ የሚበላሸው በድምፅ ነው። መራቂው ሽማግሌ ዝግ ብለው ይናገራሉ፣ ሕዝቡ «አሜን» ሲል ግን ቤቱ ይናጋል። ድምፁ በአውቶማቲክ ከተተወ ካሜራው በአሜኑ ደንግጦ መጠኑን ይቀንሳል፣ ቀጣዩ የምርቃት ቃል ተውጦ ይቀራል። መፍትሔው በእጅ አስተካክሎ በንግግሩ ጊዜ ጠቋሚው ኔጋቲቭ 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲመላለስ ማድረግ ነው። አዳራሽ ውስጥ ከዲጄው ሚክሰር ድምፅ ሲወሰድ መቅጃው ላይን ወደሚባለው፣ ጠንካራ ድምፅ ወደሚቀበለው መግቢያ ይቀየር። ማይክ ላይ ከቀረ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ያ ደግሞ በኤዲቲንግ አይድንም።

የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሻተሩም (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ይሁን፤ ለስሎው ሞሽን 50 ፍሬምና 1/100። በ60 ፍሬም የቀረጸ ሰው በአንዳንድ አምፖል ሥር ምስሉ ሲርገበገብበት የሚያየው ቤቱ ገብቶ ነው። ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ድንኳን ፊትን ስለሚያቀልም ዋይት ባላንሱ (ነጭን ነጭ አድርጎ የሚያሳየው የቀለም ማስተካከያ) እዚያው ድንኳኑ ሥር በነጭ ወረቀት ይያዝ።

ሙሽሮች ሐይቅ ዳር ፎቶ ሳይነሱ አይቀሩም። ከተማዋ ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ስለሆነች ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከውኃው በኩል ትመጣለች፤ ሐይቁን ጀርባ ያደረገ ሙሽራ ፊቱ ይጠቁራል። አንጸባራቂ መያዝ ወይም ጥላውን ሆን ብሎ መጠቀም ይቻላል። አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቅ ዳር ቦታ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ፍሬም ውስጥ ሰተት ብለው ይገባሉ፤ እነሱን ማባረር ጊዜ ማባከን ነው። ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሣም። ዝቅ ብሎ ውኃ ላይ ሲበር ደግሞ የታች ሴንሰሩ ስለሚወናበድ ከፍ ማለት ይሻላል።

በ4ኬ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ሲቀረጽ በሰዓት 45 ጊጋባይት ያህል ይሄዳል፤ ባለ 64 ካርድ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። ቆየት ያሉ ብዙ የፎቶ ካሜራዎች 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ራሳቸው ስለሚያቆሙ ረጅም ስብከት ሲቀረጽ ሰዓት ማየት ግድ ነው። ፋይሉ በዚያው ሌሊት 2 ሃርድ ዲስክ ላይ ይገለበጣል፤ እስከዚያ ካርዱ ፎርማት አይደረግም።

ሙሽሮች ሃይላይት የሚባለውን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ያለውን አጭር ቅንብር ይወዳሉ። ቤተ ዘመድ ግን ሙሉውን ነው የሚያየው፤ የሚፈልገውም ማን መጣ የሚለውን ነው። ስለዚህ በግብዣው ሰዓት እያንዳንዱ ጠረጴዛ ቢያንስ ለ5 ሰከንድ ይቀረጻል። የጎረሰ እንግዳ ካጋጠመ እስኪውጥ ይጠበቃል።