የመድኃኒት ዕፅዋትን ሥር በላቦራቶሪ ማሳደግ፦ ከጎጃም ዕፅዋት አንጻር

የሥር ካልቸር ማለት የአንድን ተክል ሥር ከግንዱና ከቅጠሉ ለይቶ፣ ከተሕዋስያን በጸዳ ጠርሙስ ውስጥ ስኳርና ማዕድናት ባሉት ፈሳሽ እያሳደጉ፣ ሥሩ በተፈጥሮው የሚሠራቸውን ለመድኃኒት የሚውሉ ውሕዶች መሰብሰብ ነው። ዘዴው ዝናብም መሬትም አይጠብቅም፤ ከሁሉ በላይ ግን በዱር ያለውን ተክል ከመነቀል ያድናል።

ይህ ለጎጃም ሰው ሩቅ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅለው ቀበርቾ ሥሩ ደርቆ በገበያ ይሸጣል፤ በወላድ ቤት ይታጠናል፣ ለሳልና ለምችም ይፈለጋል። ዳማ ከሴ ቅጠሉ ቢቀነጠስ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ቀበርቾን ግን ሥሩን የቆፈረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ተክሉንም አብሮ ያጠፋዋል።

እ.ኤ.አ. በ1934 አሜሪካዊው ፊሊፕ ኋይት የተቆረጠ የቲማቲም ሥር በጠርሙስ ውስጥ ያለማቋረጥ ሊያድግ እንደሚችል አሳየ። ይሁን እንጂ ተራ ሥር በዚህ መንገድ ሲያድግ አዝጋሚ ነው። ነገሩን የለወጠው አግሮባክቴሪየም ራይዞጀንስ የተባለ የአፈር ባክቴሪያ ሲሆን፣ ይህ ባክቴሪያ በቆሰለ ተክል ገብቶ ከራሱ ዲኤንኤ ቁራጭ ወደ ተክሉ ሕዋስ ስለሚያስተላልፍ ከቁስሉ ላይ ፀጉራም ሥር የሚባሉ ቀጫጭንና ብዙ ቅርንጫፍ ያላቸው ሥሮች ይወጣሉ። በላቦራቶሪ የጸዳ ችግኝ ቅጠል በምላጭ ተጭሮ ባክቴሪያው ይቀባል፤ ከሳምንታት በኋላ የወጣው ሥር ተቆርጦ ባክቴሪያውን በሚገድል አንቲባዮቲክ ይጸዳል። ከዚያ ያለ ምንም የእድገት ሆርሞን፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ በዝግታ በሚወዛወዝ ጠርሙስ ውስጥ እያደገ የተጠላለፈ ነጭ ጉንጉን ይሆናል።

ሥሩ እንደ ሥር ማደጉ ትርጉም አለው። በየመንደሩ ዳር የሚበቅለው አስተናግር (የአብነት ተማሪ የሚያወራለት አብሾ ከእርሱ እንደሚዘጋጅ ይነገራል) ሃዮሲያሚንና ስኮፖላሚን የተባሉትን አልካሎይዶች (ናይትሮጅን ያለባቸው የዕፅዋት ውሕዶች) የሚሠራው በሥሩ ሲሆን፣ ወደ ቅጠሉ የሚደርሱት ከዚያ ተጓጉዘው ነው። ስለዚህ መልክ የለሽ የሕዋስ ክምችት ቢያድግ ምርቱ እጅግ አነስተኛ ይሆናል፤ ከፀጉራም ሥር ግን ይገኛል። ከግዛዋም በዚሁ መንገድ ዊታኖላይድ የተባሉ ውሕዶች ተመርተዋል። ሜቲል ጃስሞኔት የተባለውን፣ ተክል ሲጠቃ የሚያመነጨውን የማንቂያ ኬሚካል በመጨመር ተክሉ የተጠቃ እንዲመስለው ማድረግም ብዙ ጊዜ ምርቱን ከፍ ያደርገዋል።

አስቸጋሪው ምርቱን ማስፋፋት ነው። ጉንጉኑ ሲወፍር ኦክስጅን ወደ መሐሉ አይደርስም፤ ፈሳሹን በመቅዘፊያ ማማሰል ደግሞ ሥሩን ይቆራርጣል። ቢሆንም በደቡብ ኮሪያ ጂንሰንግ የተባለው የመድኃኒት ተክል ሥር፣ ያለ ባክቴሪያው እገዛ፣ 10,000 ሊትር በሚይዙ ጋኖች አድጎ ለገበያ ቀርቧል።

በእኔ እምነት ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች ባሉበት በጎጃም ሥራው ሊጀመር የሚገባው መንገዱ በታወቀው በግዛዋ ነው፤ ቀበርቾ ቀጥሎ ይምጣ። የትኛው ሥር ለምን እንደሚበጅ ለትውልድ ያቆዩት የባህል ሐኪሞችና ደብተራዎችም፣ የማኅበረሰብ ዕውቀትን መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 482/1998 እንደሚያዝዘው፣ ከሚገኘው ጥቅም ድርሻቸው ከመጀመሪያው በውል ሊታሰር ይገባል።